የሁዳዴ እንቁላል

ዘጠና ሦስቱ ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል የጀመሩት ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሰኞ ዕለት አንዷ ጀመረች። ሐሙስ አሥራ ሁለት ሆኑ። በቀጣዩ ሰኞ ጠዋት የሰርቪስ ቤቱን በር ስከፍት ሰጋቱራው ላይ ከስድሳ በላይ እንቁላል ተበትኖ አገኘሁ። ቆሜ አየሁት። ቁርሴን በልቼ ልረጋጋ አልኩና ቁርስም እንደሌለ ትዝ አለኝ፤ ጾመኛ ነበርኩ።

አሁን አሁን ሰዎች ሥራ ፈጣሪ ይሉኛል። አዳራሽ ጠርተው ከፊት ያስቀምጡኝና ማይክሮፎን ሰጥተው «ሲጀምሩ ራእይዎ ምን ነበር?» ይሉኛል። ራእይ የሚታየው ለሌላ ሰው ነው። እኔ ያየሁት ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ «እንቁላል አልቋል» ስትባል ፊቷ እንዴት እንደሆነ ነው። ካለቀ ይፈለጋል ማለት ነው አልኩ። የንግድ ትምህርቴ በዚሁ ተጠናቀቀ።

ከዚያ በፊት የአንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ታይፒስት ነበርኩ። ድርጅቱ ተወረሰ። ከተወረሰ በኋላ የሚያስመጣው ዕቃ ስላልነበረ ታይፕ የሚደረግ ደብዳቤ ጠፋ፤ እኛንም «ሌላ መሥሪያ ቤት እስክትመደቡ ቤታችሁ ጠብቁ» አሉን። ሁለት ክረምት ጠበቅሁ። ምደባ የሚጠብቅ ሰው የንግድ ፈቃድ መጠየቅ አይችልም፤ መንግሥት ሥራ ሊሰጠው ነዋ። ያለ ፈቃድ ሲነግድ የተገኘ ደግሞ ንብረቱ ይወረሳል። ስለዚህ በሕጉ መሠረት የተፈቀደልኝ ሥራ መስኮት ላይ ቆሞ መጠበቅ ነበር።

የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እናቴ ከሞተች በኋላ ከቤተ ክርስቲያንና ከጋዜጣ በቀር የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ቤታችን ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ነው። ያኔ ከአጥራችን ጀርባ ስንዴ ይዘራ ነበር፤ ከስንዴው ማዶ አውሮፕላን ያርፋል። ግቢው ውስጥ ሁለት ባዶ የሰርቪስ ክፍሎች ነበሩን። ባዶ ክፍል በዚያ ዘመን እንደ ትኩስ ቁስል ነው፤ ዝንብ አያጣውም። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ይኼ ትርፍ አይደለም?» እስኪል ድረስ ከመጠበቅ በአንድ ነገር ልሙላው አልኩ።

ደብረ ዘይት ካለው የዶሮ ጣቢያ የፈረንጅ ጫጩት የሚገዛው ከቀበሌ ደብዳቤ ያመጣ ብቻ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት የስፖርት መምህር የነበረ ቀጭን ሰው ነው። ድምፁ ከዚያ የቀረ ነው፤ ሲያናግርህ ዘለህ እጅህን ማጨብጨብ ያምርሃል። የሄድኩበት ቀን ስብሰባ ረፍዶበት ነበር። ቆሞ ጻፈልኝ። «ለቤት ፍጆታ የሚሆኑ ጫጩቶች እንዲሸጡላቸው» ይላል። ቁጥር አልጻፈም። ጣቢያው ላይ ያለው ሰው ደብዳቤውን አገላብጦ «ስንት?» አለኝ።

«መቶ» አልኩት።

«ቤተሰቡ ስንት ነው?»

«ሁለት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ማኅተሙን አየ። ማኅተሙ ትክክል ነበር። መቶ ጫጩት በካርቶን ጠቅጥቆ ሰጠኝ።

ሰባቱ ሞቱ። የቀሩት አደጉ። ፉርሽካና ፋጉሎ እያበላሁ፣ ብርድ ሲሆን በከሰል እያሞቅሁ፣ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ጥግ ላይ ተደራርበው እንዳይታፈኑ እየበተንኩ አሳደግኋቸው። ከጥር በኋላ አውሮፕላኑን ለመዱት፤ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። ሒሳቤ ግልጽ ነበር። ጫጩቶቹን ያመጣሁት በመስከረም ማለቂያ ነው፤ ስድስት ወር ሲሞላቸው ይጥላሉ፤ ያ ማለት ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ለፋሲካ ደግሞ እንቁላል የማይፈልግ ቤት የለም። ከፋሲካ በፊት ያለው ጊዜ ስም እንዳለው ረሳሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የጾምኩት ጾም ነው። ዶሮዎቹም ፉርሽካው ስለተስማማቸው ከታሰበው ቀድመው ደረሱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ በየቀኑ ጠዋት እየለቀምኩ ነበር።

ወደ አባቴ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ።

«አባባ፣ ዶሮዎቹ ጀመሩ።»

«አየሁ።»

«በሁዳዴ!»

«ጫጩቶቹን ስታመጪ አስልቼው ነበር» አሉ፤ ጣታቸውን እያጠፉ። አባቴ ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ፤ የየዓመቱን ጾምና በዓል በጣታቸው ያወጣሉ። «ቅድስት ላይ ይጀምራሉ ብዬ ነበር። አልተሳሳትኩም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም» ብለው ገጹን ገለጡ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእኔ የትም አልሄደም። ኅብረት ሱቁ «ከፋሲካ በኋላ ነይ» አለኝ። ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ ያለችው ኬክ ቤት የጾም ዳቦ ብቻ ትጋግራለች። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ሙስሊም ቤተሰቦች ነበሩ፤ አንደኛው የራሱ ዶሮ አለው፤ ሁለተኛው በሳምንት አሥር ይገዛኛል፤ ዛሬም ድረስ ያን ቤት እመርቃለሁ። የቀሩኝ የመንግሥት የውጭ አማካሪዎች የሚኖሩበት ግቢ ነዋሪዎች ነበሩ፤ እነሱ አይጾሙም። ሠላሳ እንቁላል በጭድ በቅርጫት አድርጌ ሄድኩ። ዘበኛው ቅርጫቱን በዱላው ጫፍ ነካ አድርጎ «ከቀበሌሽ ደብዳቤ አምጪ» አለኝ። አባቴ እንቁላሉ ዋናው ቤት እንዳይገባ ስላዘዙ ሁለተኛው ሰርቪስ ክፍል ከወለሉ እስከ መስኮቱ ሞላ። ዶሮዎቹ ግን መኖ ይፈልጋሉ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፤ የእኔ ሕልም አያገባትም። መኖ መግዣዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ቅርጫቴን እንደያዝኩ ቀበሌ ሄድኩ። ሰኞ ነበር፤ ሰኞ የውይይት ክበብ ይሰበሰባል። ሊቀመንበሩና ስድስት ጓዶች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ላይ የዕለቱ ርዕስ «ሃይማኖትና ኋላቀርነት» ተብሎ ተጽፏል። አንዲት ሴት ሻይ ይዛ ስትዞር ሰባቱም በየተራ አልፈልግም አሉ። ሊቀመንበሩ ሆዱን ይዞ «ጨጓራዬ» አላት። ቀጥሎ ያለውም ጨጓራውን አለ። ያን ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ ጨጓራ የሌለባቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጢማሞች ብቻ ነበሩ። እኔ ያኔ ልብ አላልኩትም፤ ኃላፊነት ጨጓራ ያሳምማል ብዬ አለፍኩት።

«ምንድነው ቅርጫቱ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እንቁላል ነው ጓድ ሊቀመንበር። ከቤት ፍጆታ የተረፈ።»

ሰባቱም እርስ በርስ ተያዩ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው «ሴትዮ፣ ጾም አይደለም እንዴ?» ብሎ ያሰናብተኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲሉኝ የዋሉት እሱን ነው። ያ መልስ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ለማንም አይገኝም። የሰሌዳውን ጽሑፍ አየሁ። የሰዎቹን ፊት አየሁ። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ገባኝ።

«ጓዶች የሚፈልጉ ከሆነ...» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስንት ናቸው?»

«ሠላሳ።»

«እወስዳቸዋለሁ» አለና ዙሪያውን ተመለከተ። «ሌላ የሚፈልግ ጓድ?»

ስድስት እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። እጅ ማውጣት የለመዱ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ በየሰኞው ሁለት መቶ አሥር እንቁላል ወደ ቀበሌ ወሰድኩ። ማንም አልቀረም። አንዱ ቢቀር ለምን ቀረ ይባላል። ንግድ ሰው የሚፈልገውን ማቅረብ ነው ብለው በየአዳራሹ ሲያስተምሩ እሰማለሁ፤ እኔ የተማርኩት ደንበኛ ማለት እምቢ ማለት የማይችል ሰው እንደሆነ ነው። ይህን ማይክሮፎን ላይ አልናገረውም። በዋጋው ፋጉሎ ገዛሁ፣ ፉርሽካ ገዛሁ፣ አዲስ ሰጋቱራ አነጠፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከእኔ የበለጠ ብልህ ሴት በቦሌ የለችም ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጓሮው በር ተንኳኳ። ስከፍት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች ሴት ቅርጫት ታቅፋ ቆማለች። የሊቀመንበሩ ሚስት ነበረች። ቶሎ ገባችና በሩን እሷው ዘጋችው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እነዚህን ይቀበሉኝ» አለች።

ጭዱን ገለጥኩ። ሠላሳ እንቁላል። የየሳምንቱን ለመለየት በእርሳስ ትንሽ ምልክት አደርግባቸው ነበር፤ ምልክቴ አለ። አንዱም አልተሰበረም።

«ተበላሹ እንዴ?»

«ኧረ በማርያም! እኛ ቤት ማን ሊበላቸው ነው?» አለች። «ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኳቸው። ባየኋቸው ቁጥር ይጨንቀኛል። መጣል ደግሞ ግፍ ነው፤ ሰውም ያያል።»

«እሳቸውስ?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱማ ከእኔ ይብሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አፉ አያስገባም። ልጅ ሆኖ ዲያቆን ነበር። ጨጓራዬ ነው እያለ ነው የሚያልፈው። እትዬ፣ ይህን ነገር ለማንም እንዳይተነፍሱብኝ፤ ቤቴ ይፈርሳል።»

ዋጋውን ልመልስላት ብል እምቢ አለች። ገንዘብ ከያዘች ከየት አመጣሽ ይባላል። እንቁላሎቼ በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ተመለሱ። እኔም ያደረግሁትን ልናገር፤ ሰኞ ዕለት መልሼ ለእሱው ሸጥኩለት። አፍሬ ነበር። ግን ሸጥኩ። ዘጠና ሦስት አፍ ሐፍረት አይበላም። ሊቀመንበሩ እንቁላሉ ላይ ያለውን የድሮ ምልክት አየና ምንም ሳይል ከፈለ። እንዳወቅሁ አወቀ። ሚስቱ ረቡዕ መልሳ አመጣቻቸው። እንዲህ እያልን ሁለት ሳምንት ያህል ሄድን።

ለአባቴ ነገርኳቸው። የሚስቁ መስሎኝ ነበር። ጋዜጣውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም። ግን ዶሮዎቼን ሊነኩ ቢመጡ እናገራለሁ። አፌ አለ።»

«የሰው ጾም በሰውየውና በእግዚአብሔር መካከል ነው» አሉ። «በጾሙ ሰው አይከሰስም። በዶሮ ምክንያት ደግሞ ጭራሽ።»

ተናደድኩ። ሰውየው ሰኞ ሰኞ ጾም ኋላቀርነት ነው እያለ ያስተምራል፤ እኔ ለምን እጠብቀዋለሁ? ይህንኑ ነገርኳቸው። ጋዜጣቸውን መልሰው ዘረጉ። አባቴ አንድ ነገር ከተናገሩ በኋላ የሚጨምሩበት ልማድ አልነበራቸውም፤ ፍርድ ቤት የተማሩት ይመስለኛል።

ነገሩን ያመጣው የክበቡ ጸሐፊ ነው፤ ከሰባቱ አንዱ። በየሰኞው ሠላሳ እንቁላል ተሸክሞ የምትጾም ሚስቱ ዘንድ መግባት ሰልችቶት ነበር። መግዛቱን ማቆም አይችልም፤ ስለዚህ ሻጯን ማስቆም አሰበ። በሚቀጥለው የቀበሌ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ዘጠና ሦስት ዶሮዎች ውይይት እንዲደረግ አጀንዳ አስያዘ። ደብዳቤው የደረሰኝ ዓርብ ነው። ንግድ መሆኑ ከተረጋገጠ ዶሮዎቹ ለቀበሌው ይተላለፋሉ ይላል። ነገሩ ሊቀመንበሩንም ይነካል፤ የጫጩቶቹን ደብዳቤ የጻፈልኝ እሱ ነው።

ስብሰባው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ዕለቱ ገብር ኄር ነው። በዚያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ስለ ታማኙ አገልጋይ ነው፤ ከጌታው አምስት መክሊት ተቀብሎ ነግዶ ሌላ አምስት ስላተረፈው። ጠዋት የተመሰገነ ሰው ከሰዓት በኋላ ይከሰሳል ማለት ነው። አዳራሹ ሙሉ ነበር። የማይመጣ ሰው ስኳር አያገኝማ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከፊት ተቀመጡ። ከጎናቸው የጽዋ ማኅበራቸው ሰዎች ነበሩ፤ በየወሩ በሚካኤል ስም በየተራ የሚደግሱ፣ ሠላሳ ዓመት ያልተለያዩ ሽማግሌዎች።

ጸሐፊው ተነሣ። መጥፎ ተናጋሪ አልነበረም።

«ጓዶች፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለ። «እኚህ እኅታችን ዘጠና ሦስት ዶሮ አሏቸው። የተፈቀደላቸው ለቤት ፍጆታ ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አሁን ያለንበትን ወቅት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ በዚህ ወቅት እንቁላል የሚበላ ሰው ካለ፣ ፍጆታ ነው እንበል። የሚበላ ሰው ከሌለ ግን እንቁላሉ ሁሉ ለሽያጭ ነው። ሽያጭ ከሆነ ደግሞ ንግድ ነው።»

ቀዳዳ አልነበረውም። በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ አባቴንና እኔን ያውቀናል፤ ጠዋት ቅዳሴ ላይ አብረን ነበርን። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሊቀመንበሩ መድረኩ ላይ ተቀምጦ እርሳስ ያሽከረክራል። ሊረዳኝ አልፈለገም ልል አልችልም፤ አልቻለም። ፊቱ እንደ ዐመድ ሆኖ ነበር።

«ጓድ፣ መልስ ስጪ» አለኝ።

ተነሣሁ። ዶሮዎቼ ታዩኝ። በአንድ ካርቶን የገቡ፣ በብብቴ ሙቀት ከሞት ያተረፍኳቸው። የቀበሌው ሰዎች በሳምንት ውስጥ አርደው እንደሚጨርሷቸው አውቃለሁ፤ ሁዳዴ ስለሆነ ምናልባት በሁለት ሳምንት። ነገ ደግሞ መስኮት ላይ ቆሜ ምደባ እጠብቃለሁ። ወደ ሊቀመንበሩ አየሁ። «እንቁላሌ ማን ቤት ቁም ሣጥን ላይ እንዳለ ጓድ ሊቀመንበርን ጠይቁልኝ» ልል ነው። አፌን ከፍቼ ነበር።

«እኔ እበላለሁ» አሉ አባቴ።

በዝግታ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

ጸሐፊው የሰማውን ማመን አልቻለም። «እርስዎ?»

«እኔ።»

«እንቁላል?»

«እወዳለሁ።»

«አሁን፣ በዚህ ወቅት?»

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሁዳዴ ቅቤ የነካ ቢላዋ ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ማኅበርተኞቻቸውን አላዩም። እኔንም አላዩኝም። ሊቀመንበሩን ነበር የሚያዩት።

«በዚህ ወቅት» አሉ። «አርጅቻለሁ፤ አቅም አነሰኝ። ልጄ የምታረባው ለእኔ ነው። የተረፈውን ለጓዶች ታካፍላለች።»

ሊቀመንበሩ እርሳሱን አስቀመጠ። ድምፁ ያን የስፖርት መምህር ድምፅ አልነበረም። «ለቤት ፍጆታ መሆኑ ተረጋግጧል። ወደ ቀጣዩ አጀንዳ እንለፍ» አለ።

ዶሮዎቼ ተረፉ። ወደ ቤት ስንሄድ አባቴን ምን ልበላቸው? «አባባ፣ ምን አደረጉ?» አልኩ።

«አፍሽን ዘጋሁት» አሉ። በቃ ይኸው ነው።

የነፍስ አባታቸው ስለ ውሸቱ ቀኖና ሰጧቸው። ስለ እንቁላሉ የሚሰጡት ቀኖና አልነበረም፤ ኑዛዜ ስለሆነ ግን ለማንም ሊናገሩላቸው አይችሉም። ማኅበሩ አላባረራቸውም። የአባቴ ተራ ሲደርስ ብቻ ዘለሉት። በሚቀጥለው ዙርም ዘለሉት። አባቴ በሚካኤል ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የግቢውን በር ይመለከታሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ወደ ዶሮዎቹ ይሄዳሉ። እንቁላል በእጃቸው የማይነኩት ሰው ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የሚለቅሙት እሳቸው ሆኑ። እኔ ደግሞ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጫጩት ከማዘዜ በፊት እጠይቃቸው ነበር። ጣታቸውን ያጥፋሉ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ይቆጥራሉ፣ «በኅዳር አጋማሽ አምጪ፤ ለፋሲካ ማግስት ይደርሱልሻል» ይላሉ። ሰዎች በሥራው እንዴት እንደቆየሁ ሲጠይቁኝ ዕቅድ ነበረኝ እላለሁ። ዕቅዴ በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሶ ይቀመጥ ነበር።

ሊቀመንበሩ በየዓመቱ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ «ለቤት ፍጆታ» ይላል፤ ቁጥር የለውም። ስምንት ዓመት ለቤት ፍጆታ አረባሁ። ክፍሎቹ አራት ሆኑ። በሁዳዴ እንቁላል ወደ ቀበሌ መውሰድ ግን ከዚያ እሑድ በኋላ ተውኩ። ስለ ስማቸው ስል ለማኅበርተኞቻቸው እውነቱን እንድናገር ይፍቀዱልኝ ብዬ አንድ ቀን አባቴን ለመንኳቸው። «ያን ከተናገርሽ ሌላውንም መናገር አለብሽ» አሉኝ። የእኔ ብልሃት ያመጣው ነገር ነው፤ የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ስምንት ዓመት ይህን እያወቅሁ መኖ ገዛሁ።

አባቴ ያረፉት በስምንተኛው ዓመት በሁዳዴ ነው፤ ያኔም ያው ደርግ ነበር፤ ያው ሊቀመንበርም። በስድስት ሰዓት ቀበርናቸው። ስንመለስ ድንኳኑ ሞላ። ማኅበርተኞቻቸው መጥተዋል፤ በሞት ጊዜ የሚቀር የለም። የክበቡ ጸሐፊም ከመግቢያው አጠገብ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ካኪ ኮቱን እንደለበሰ ገብቶ ከሽማግሌዎቹ መካከል ቦታ አገኘ።

ከማኅበሩ ትልቁ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው «እንግዲህ እሱ ይቅር ይበላቸው» አሉ። ለሞተ ሰው ሁሉ የሚባል ነው። የተባለበትን ድምፅ ግን ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አወቀው። እኔም አወቅሁት።

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አወለቀ።

«ስለ እንቁላሉ ከሆነ አልበሉም» አለ። ድምፁ ያ የድሮው ድምፅ ነበር፤ እስከ መንገዱ ይሰማል። «እኚህ ሰው በሁዳዴ እንቁላል በልተው አያውቁም። ያን ዕለት የዋሹት ስለ እኔ ብለው ነው። የምጾመው እኔ ነበርኩ።»

ጸሐፊው ጫማውን ማየት ጀመረ። ንፍሮ የምታድለው ሴት የምታደርገው ሲጠፋት ሥራዋን ቀጠለችና ሊቀመንበሩ ዘንድ ደረሰች። እፍኝ ሙሉ ሰጠችው። ጨጓራዬን ሊላት ነው ብዬ ጠበቅሁ። የእጅ ሰዓቱን አየ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም» አላት። ንፍሮውን በመሐረቡ ቋጥሮ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ሰው ሁሉ እያየው ተቀመጠ።

ትልቁ ሽማግሌም የተሰጣቸውን ንፍሮ ሳይቀምሱ በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሊቀመንበሩ መሐረቡን ፈታ። ሽማግሌው የራሳቸውን እዚያው መሐረብ ላይ ጨመሩና ከአንድ ላይ መብላት ጀመሩ። አባቴ ከሞቱ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ።